ውፍረት የጠባይ ጉድለት አይደለም

የአዋቂ ሰው ክብደት የሚወሰነው ሰውነት ከምግብና ከመጠጥ በሚያገኘው ጉልበትና በየቀኑ በሚያጠፋው ጉልበት መካከል ባለው ልዩነት ነው። ከሚጠፋው በላይ የገባው ጉልበት ስብ ሆኖ ይጠራቀማል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚጠቀምበት መለኪያ፣ በተለምዶ ቢኤምአይ የሚባለው፣ በኪሎ የተለካውን ክብደት በሜትር ለተለካው ቁመት ካሬ በማካፈል ይገኛል። ውጤቱ 25 ሲደርስ ክብደት ከመጠን አልፏል ይባላል፤ 30 ሲደርስ ደግሞ ከልክ ያለፈ ውፍረት ተብሎ ይመደባል። በዚህ መለኪያ እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ 2.5 ቢሊዮን አዋቂዎች ክብደታቸው ከመጠን ያለፈ ነበር፤ ከእነሱም 890 ሚሊዮኑ ከልክ ያለፈ ውፍረት ነበረባቸው።

ይህ የጉልበት ሒሳብ አያከራክርም። የሚያከራክረው ከእሱ ተነሥቶ ብዙ ሰው፣ ሐኪሙም ጭምር፣ የሚደርስበት መደምደሚያ ነው፦ ወፍራም ሰው የወፈረው ሆዱን መቻል ስላቃተው ነው፤ አፉን ቢይዝና ቢንቀሳቀስ ይከሳ ነበር፤ ካልከሳ ሰነፍ ነው። ይህ ፍርድ በቤተ ዘመድ ጨዋታ፣ በጂም ማስታወቂያ፣ በምርመራ ክፍልም ይሰማል። በጣም ከመለመዱ የተነሣ ማስረጃ የሚጠይቀው የለም። ይሁን እንጂ "ብዙ ስለበላ ወፈረ" ማለት ውፍረቱ በምን በኩል እንደመጣ ይናገራል እንጂ ምክንያቱን አያስረዳም። ማብራሪያ የሚሻው፣ ያው ሰው በአንድ ቦታ ሳይቸገር ክብደቱን ጠብቆ ሲኖር በሌላ ቦታ ለምን ከሚያስፈልገው በላይ እንደሚበላ ነው። የፈቃድ ድክመት ይህን ሊመልስ አይችልም።

የጠባይ ማብራሪያው መጀመሪያ የሚወድቀው በጊዜ ሲፈተን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1990 ወዲህ ከልክ ያለፈ ውፍረት ያለባቸው አዋቂዎች መጠን በዓለም ደረጃ ከእጥፍ በላይ አድጓል። በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ የሰው ልጅ ራሱን የመግዛት ችሎታ በሜክሲኮም፣ በግብፅም፣ በፓስፊክ ደሴቶችም በአንድነት ተዳከመ የሚል ሰው ማስረጃ ማቅረብ ይኖርበታል፤ እስካሁን ያቀረበ የለም። በዚያው ጊዜ ውስጥ በግልጽ የተለወጡት የምግብ ዋጋ፣ የዘይትና የስኳር አቅርቦት፣ የሥራው ዓይነት፣ መጓጓዣና እንቅልፍ ናቸው።

ኢትዮጵያ ውስጥም ልዩነቱ የሚታየው በሰዎች ጠባይ ሳይሆን በመኖሪያቸው ነው። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች መካከል ክብደታቸው ከመጠን ያለፈው 8 በመቶ ነበሩ። ቁጥሩ በገጠር 4፣ በከተማ 21፣ በአዲስ አበባ ደግሞ 30 በመቶ ነበር። የገጠሯ ሴት ከከተሜዋ እኅቷ ይልቅ ሆዷን ትችላለች ብሎ የሚከራከር የለም። ውኃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትለቅማለች፣ ገበያ በእግሯ ትሄዳለች፤ ዘይትና ስኳር በቤቷ በቁጠባ የሚወጡ ነገሮች ናቸው። በዚያው ጥናት ከመቶው 22ቱ ሴቶች ከሚገባው በላይ የከሱ ነበሩ፤ ይህንንም የበረታ ፈቃድ ውጤት ነው የሚል አይገኝም። ክሳትን በችግር፣ ውፍረትን በጥፋት የሚያስረዳ አስተሳሰብ ለአንድ ሚዛን ሁለት ሕግ አውጥቷል።

ስደት ደግሞ ፈተናውን ይበልጥ ያጠራዋል፤ ሰዎቹ እነዚያው ሆነው ኑሯቸው ብቻ ይለወጣልና። እ.ኤ.አ. በ2016 ውጤቱ የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት በገጠር ጋና፣ በጋና ከተሞች፣ በአምስተርዳም፣ በበርሊንና በለንደን የሚኖሩ ጋናውያንን አነጻጽሯል። ከልክ ያለፈ ውፍረት የነበረባቸው ወንዶች በገጠር ከመቶ አንድ ገደማ ሲሆኑ በለንደን ከመቶ 21 ነበሩ። ሴቶቹ በገጠር ከመቶ 8፣ በጋና ከተሞች 34፣ በለንደን 54 ነበሩ። ለውጡ አውሮፕላን ከመሳፈራቸው በፊት፣ ከገጠር ወደ ከተማ ሲገቡ መጀመሩ ልብ ሊባል ይገባዋል።

ለአማርኛ አንባቢ ይበልጥ የሚቀርበው የቤተ እስራኤል ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 እና 1985 በዘመቻ ሙሴ፣ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 ደግሞ በዘመቻ ሰሎሞን ወደ እስራኤል የተወሰዱት ኢትዮጵያውያን ሲደርሱ ቀጫጮች ነበሩ፤ የስኳር በሽታም በመካከላቸው እምብዛም አይታወቅም ነበር። በሁለተኛው ዘመቻ ብቻ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ውስጥ ከአንድ ኑሮ ወደ ሌላ ኑሮ ተሻግረዋል። ከመጀመሪያው ዘመቻ ጥቂት ዓመታት በኋላ የእስራኤል ተመራማሪዎች ከ30 ዓመት በታች ባሉት ወጣቶች ሳይቀር የስኳር በሽታ ጎልቶ መታየቱን ጻፉ። በኋላ የወጡ ጥናቶች ደግሞ ከኢትዮጵያ የመጡት በበሽታው የሚያዙት ከሌሎች እስራኤላውያን ባነሰ ዕድሜና ባነሰ ክብደት መሆኑን አሳይተዋል። እርሻ ሲያርሱ፣ ሸክላ ሲሠሩ፣ ብረት ሲቀጠቅጡ የኖሩ ሰዎች ነጭ ዳቦና ጣፋጭ መጠጥ ወዳለበት፣ ከፋብሪካና ከጽዳት ሥራ መልስ በሕንፃ ውስጥ ወደሚኖርበት ዓለም ገቡ። ጽናታቸውን የሚጠራጠር ሰው ከጎንደር እስከ ሱዳን ድንበር በእግራቸው የተጓዙትን ማስታወስ አለበት።

ሁለተኛው የጠባይ ማብራሪያው ድክመት ሰውነትን ያለ ተቃውሞ የሚታዘዝ አድርጎ መቁጠሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 አንሴል ኪስ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ባካሄደው የረኀብ ጥናት 36 ጤነኛ ወጣቶች ለ24 ሳምንታት በቀን 1,570 ካሎሪ ገደማ ብቻ እየበሉ ኖሩ፤ ከክብደታቸውም ሩቡን ያህል አጡ። እነዚህ ሰዎች ኅሊናችን አይፈቅድም ብለው ጦርነት ላለመዝመት የቆረጡ፣ ለጥናቱም በፈቃዳቸው የቀረቡ ነበሩ፤ ከእነሱ የበረታ ፈቃድ ያለው ሰው ማግኘት ያስቸግራል። እንዲያም ሆኖ ሐሳባቸው ሁሉ ምግብ ብቻ ሆነ፤ የምግብ አሠራር መጻሕፍት ያነቡ፣ ሳህን ይልሱ፣ ይቆጡ፣ ይተክዙ ጀመር። እንደልብ እንዲበሉ ሲፈቀድላቸው ብዙዎቹ ቢበሉ ቢበሉ አልጠግብ አሉ፤ የሰውነታቸው ስብም ከመነሻው በላይ ደረሰ።

የዚህ ምክንያት ቀስ በቀስ ተገልጧል። እ.ኤ.አ. በ1994 በሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ጄፍሪ ፍሪድማንና ባልደረቦቹ ያገኙት ሌፕቲን የተባለው ሆርሞን ከስብ ሕዋሳት ወጥቶ የጉልበት ክምችቱ ምን ያህል እንደሆነ ለአንጎል ያሳውቃል። ስብ ሲቀንስ ሌፕቲን ይቀንሳል፤ አንጎልም ረኀብን ያበረታል፣ የጉልበት ወጪንም ይቆጥባል። በአሜሪካ የቴሌቪዥን የክብደት መቀነስ ውድድር ላይ የተሳተፉ 14 ሰዎች ከስድስት ዓመት በኋላ ሲመረመሩ (ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው) ሰውነታቸው በዕረፍት ላይ ሳለ የሚያጠፋው ጉልበት ከሚጠበቀው በቀን 500 ካሎሪ ያህል ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ከአንዱ በስተቀር ሁሉም ከቀነሱት ክብደት መልሰው ጨምረዋል። ያን ያህል የለፉ ሰዎችን ሰነፍ ብሎ መፈረጅ ግፍ ነው።

ሰውነት ከሰውነት ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1990 ክሎድ ቡሻር በካናዳ 12 ጥንድ ተመሳሳይ መንትዮችን በመቶ ቀን ውስጥ ለ84 ቀናት በየቀኑ 1,000 ካሎሪ ትርፍ አበላቸው። ሁሉም ትርፉን እኩል ቢበሉም አንዱ 4 ኪሎ ሲጨምር ሌላው 13 ኪሎ ጨመረ፤ መንትዮች ግን እርስ በርስ ተቀራረቡ። አንድ ማዕድ ላይ እኩል በልተው አንዱ የሚወፍርበት፣ ሌላው የማይወፍርበት ነገር አለ የሚለው የቤተሰብ ትዝብት በዚህ በኩል እውነት ነው። ሴማግሉታይድ የተባለው መድኃኒት ደግሞ ነገሩን ከሌላ አቅጣጫ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመው ጥናት በሳምንት አንድ ጊዜ መርፌውን የወሰዱት ሰዎች በ68 ሳምንታት ውስጥ በአማካይ ከክብደታቸው 15 በመቶ ያህል ቀነሱ፤ መድኃኒት የሌለበት መርፌ የተሰጣቸው 2.4 በመቶ ብቻ ቀነሱ። መርፌውን ያቆሙት በአንድ ዓመት ውስጥ ካጡት ሁለት ሦስተኛውን መልሰዋል። ሆርሞን የሚመስል መድኃኒት የሚያስተካክለው፣ ሲቆም የሚመለስ ነገር የጠባይ ጉድለት ሊሆን አይችልም።

በኢትዮጵያ ሁኔታ የፈቃድ ድክመትን ክርክር ከሁሉ በላይ የሚያፈርሰው ጾም ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመን በዓመት ወደ 180 ቀን፣ ካህኑ እስከ 250 ቀን ይጾማል። በዐቢይ ጾም ብቻ ለ55 ቀናት ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከቅቤና ከዕንቁላል ይከለከላል፤ የሚችለው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ እህል ሳይቀምስ ይቆያል። ሙስሊሙ በረመዳን ከንጋት እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ውኃ እንኳ አይቀምስም። ይህን የሚፈጽሙት ጥቂት ብርቱዎች አይደሉም፤ ሚሊዮኖች ናቸው፤ ከእነሱም መካከል ብዙ ወፍራሞች አሉ። ቦርጭ ያወጣው ነጋዴ ከሁዳዴ መያዣ እስከ ፋሲካ አንዲት ጉርሻ ሥጋ ሳይቀምስ ይሰነብታል። ለ55 ቀን እንዲህ የሚችል ሰው በ56ኛው ቀን ፈቃዱ ጠፋ ማለት አያስኬድም።

ጾም የሚያስተምረው ሌላም ነገር አለ። ሁዳዴ የሚጾመው በአንድ ሰው ብርታት ብቻ አይደለም። ብዙ ልኳንዳ ቤቶች ይዘጋሉ ወይም ሥራ ይቀንሳሉ፤ ምግብ ቤቱ የጾም በያይነቱ ያቀርባል፤ እናት ሽሮና ምስር ትሠራለች፤ እንግዳ ሲመጣ ሥጋ ቅመስ ብሎ የሚያስቸግረው የለም፤ ጾሙን የሚገድፍ ሰው ነው የሚያፍረው። መከልከል ቀላል የሚሆነው አካባቢው ሁሉ አብሮ ስለሚከለከል ነው። ክብደት ለመቀነስ የሚሞክር ሰው ግን ለብቻው ነው። ጠረጴዛው ላይ ለስላሳው ይቀርባል፤ ድግስ ላይ "ብላ እንጂ፣ በሞቴ" ይባላል፤ ሳህኑን ከገፋ አስተናጋጁን ያስቀይማል። ይህንን ፈተና ከሃይማኖታዊው ጾም ጋር አስተያይቶ ሰውየውን ደካማ ማለት ሁለት የማይመሳሰሉ ነገሮችን ማመሳሰል ነው።

ጾም ራሱ በርግጠኝነት ያከሳል የሚለውም እምነት መታረም አለበት። በረመዳን ወቅት የተደረጉ በርካታ ጥናቶች ሲጠቃለሉ የሚቀንሰው በአማካይ አንድ ኪሎ ገደማ ነው፤ እሱም በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። የጾም ማዕድም ቢሆን ዘይት የበዛበት ሽሮ፣ የተጠበሰ ድንች፣ ፓስታ፣ ሳምቡሳ፣ ቦንቦሊኖና በስኳር የጣፈጠ ሻይ ከሆነ ጉልበቱ ከፍስኩ አያንስም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል አለው፤ ዘይቱ ከሱፍም ይጨመቅ ከፓልም ልዩነት የለውም።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ ሌላ የተለመደ ክስ በእንጀራ ላይ የቀረበው ነው። ክብደት ቀንሱ የተባሉ ሰዎች መጀመሪያ የሚተዉት እንጀራን ነው። እንጀራ ግን ከግማሽ በላይ ውኃ የሆነ፣ የጤፉ ቅርፊት ሳይወጣ ተፈጭቶና ተቦክቶ የሚጋገር ምግብ ነው፤ ገበሬውም ዕድሜ ልኩን በልቶት ቀጭን ሆኖ ይኖራል። በከተማ የተጨመረው በእንጀራው ላይና ዙሪያ ያለው ነው፦ ወጡ ውስጥ በጭልፋ የሚፈስሰው ዘይት፣ ከምግቡ ጋር የሚቀርበው ለስላሳ፣ በመክሰስ ሰዓት የሚበላው ኬክና ብስኩት። በ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ኮካ ኮላ ውስጥ 32 ግራም ያህል ስኳር አለ፤ ይኸውም 130 ካሎሪ ገደማ ነው። ጠጪው ይህን ያህል ጉልበት በመጠጥ ስላገኘ ከምግቡ ያንኑ ያህል አይቀንስም።

አካባቢ የምግብን መጠን እንዴት እንደሚወስን በጣም ጥርት አድርጎ ያሳየው ኬቨን ሆል እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ያሳተመው ሙከራ ነው። ሃያ አዋቂዎች በተቋሙ ውስጥ እየኖሩ ለሁለት ሳምንት በፋብሪካ እጅግ የተቀነባበረ ምግብ፣ ለሌላ ሁለት ሳምንት ደግሞ ብዙም ያልተቀነባበረ ምግብ ቀረበላቸው። በሁለቱም ወቅት የቀረበው ካሎሪ፣ ስኳር፣ ስብ፣ ጨውና አሰር እኩል ነበር፤ የፈለጉትን ያህል እንዲበሉም ተነግሯቸዋል። በፋብሪካው ምግብ ወቅት በቀን 500 ካሎሪ ያህል ጨምረው በሉ፤ 0.9 ኪሎም ጨመሩ። በሌላው ወቅት ደግሞ 0.9 ኪሎ ቀነሱ። በሁለቱም ወቅት ሰዎቹ እነዚያው ናቸው፤ ጠባያቸውም ያው ነበር።

እንቅልፍም ከዚሁ ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ2022 በቺካጎ የታተመ ጥናት ከ6 ሰዓት ተኩል በታች የሚተኙ 80 ክብደታቸው ከመጠን ያለፈ ሰዎችን መርጦ ግማሾቹ እንቅልፋቸውን እንዲያረዝሙ አደረገ። በአማካይ 1.2 ሰዓት ተጨማሪ የተኙት ስለ ምግብ አንድም ምክር ሳይሰጣቸው በቀን 270 ካሎሪ ያህል ቀንሰው በሉ። ከከተማ ዳር ካለ ኮንዶሚኒየም ጎሕ ሳይቀድ ወጥቶ የታክሲ ሰልፍ የሚጠብቅ፣ ማታ ሦስት ሰዓት ደርሶ ከባዱን ምግብ በልቶ ወዲያው የሚተኛ ሠራተኛ ከሌሊቱ የሚጎድልበት እንቅልፍ ሳምንቱን ሙሉ ረኀቡን ያበረታዋል። ይህ ሰው ያጣው ጊዜ ነው፤ ለጊዜ ማጣት ደግሞ ተግሣጽ መድኃኒት አይሆነውም።

እንቅስቃሴን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው። በታንዛኒያ አዳኝና ለቃሚ በሆኑት ሐድዛ ሰዎች ላይ ኸርማን ፖንትዘር እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተመው ጥናት፣ ቀኑን ሙሉ ሲራመዱ የሚውሉት እነዚህ ሰዎች በቀን የሚያጠፉት ጉልበት፣ የሰውነት ግዝፈት ከግምት ሲገባ፣ ከከተሜ አሜሪካውያን የሚለይ አለመሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ ጂም ብቻውን ያከሳል የሚለው ተስፋ ብዙዎችን ያሳዝናል። እንቅስቃሴ ልብን፣ የደም ግፊትን፣ የደም ስኳርንና እንቅልፍን ይጠቅማል፤ የቀነሰ ክብደት እንዳይመለስም ያግዛል። የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ የሚመክረው ለዚህ ነው። ሚዛኑ ስላልወረደ መራመዱን የሚያቆም ሰው በተሳሳተ መለኪያ ተታልሏል።

በዚህ ክርክር ላይ የሚነሣው ጠንካራ ተቃውሞ ሰውን ከኃላፊነት ነጻ ያወጣል፣ ተስፋም ያስቆርጣል የሚል ነው። ማስረጃው ግን በተቃራኒው ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ የታተመው የስኳር በሽታ መከላከያ ጥናት ለበሽታው የተቃረቡ 3,234 አዋቂዎችን ያቀፈ ነበር። ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የታገዙት በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ፤ ሜትፎርሚን የተባለውን ክኒን የወሰዱት ግን በ31 በመቶ። አኗኗርን መለወጥ ከክኒኑ በለጠ። ለእነዚህ ሰዎች የተሰጣቸው "አፍህን ዝጋ" የሚል ቃል አልነበረም። እያንዳንዳቸው የሚከታተላቸው አሠልጣኝ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት 16 ትምህርቶች፣ ከዚያም በኋላ ያልተቋረጠ ግንኙነት ነበራቸው። ሰው አኗኗሩን መለወጥ ይችላል፤ የሚችለው ግን ጾሙን እንደሚጾመው ደጋፊ ሲኖረው ነው።

ተግሣጽ በአንጻሩ ይጎዳል። በክብደታቸው የሚሸማቀቁ ሰዎች ሕክምና እንደሚሸሹ፣ መሸማቀቁም ክብደትን ይበልጥ ከመጨመር ጋር እንደሚያያዝ በተደጋጋሚ ታይቷል። በልጅነቷ "ተመቻት" ተብላ የተመሰገነች ሴት በአርባ ዓመቷ ለደም ግፊት ስትሄድ በዚያው ሰውነቷ ስትሰደብ ቀጠሮዋን መተዋ አይገርምም።

የሚሠራው እርምጃ ውሳኔውን ከግለሰቡ ትከሻ ላይ የሚያቀልለው ነው። ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ2014 በጣፋጭ መጠጦች ላይ በሊትር አንድ ፔሶ ስትጥል በመጀመሪያው ዓመት የተገዛው መጠን በአማካይ 6 በመቶ ቀነሰ። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2018 በሥራ ላይ ያዋለችው ቀረጥ በስኳሩ መጠን የሚለያይ በመሆኑ ፋብሪካዎቹ ቀረጡ ሳይጀምር የመጠጦቻቸውን ስኳር ቀነሱ፤ ጠጪው ምንም ሳያደርግ የሚወስደው ስኳር አነሰ። ቺሊ እ.ኤ.አ. በ2016 ስኳር፣ ጨው፣ ስብ ወይም ካሎሪ በበዛበት ምግብ ላይ ጥቁር ምልክት እንዲለጠፍ አዘዘች። በኢትዮጵያም ለስላሳ መጠጥ ኤክሳይዝ ታክስ ከሚከፈልባቸው ምርቶች አንዱ ነው፤ ታክሱ በጠርሙሱ ውስጥ ባለው የስኳር መጠን ቢሰላ ፋብሪካውን ስኳር እንዲቀንስ ይገፋው ነበር።

በምርመራ ክፍልም ሥራው ይለወጣል። ክብደቱ የጨመረ ሰው ሲመጣ ከተግሣጽ በፊት መጠየቅ ያለበት ስንት ሰዓት እንደሚተኛ፣ በፈረቃ ይሠራ እንደሆነ፣ ምን እንደሚጠጣ፣ ምን መድኃኒት እንደሚወስድ ነው። ኢንሱሊን፣ ስቴሮይድ፣ እንደ ኦላንዛፒን ያሉ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች ክብደት ይጨምራሉ፤ በኢትዮጵያ በስፋት የሚወሰደው የሦስት ወር የወሊድ መከላከያ መርፌም በአንዳንድ ሴቶች ላይ እንዲሁ። የእንቅርት ዕጢ መዳከምም መመርመር አለበት። ከሚዛኑ ጎን ለጎን የወገብ ዙሪያና የደም ስኳር ይለካል፤ በተለይ በእስራኤል የታየው እንደሚያመለክተው ከኢትዮጵያ የሄደ ሰው ቢኤምአዩ 25 ሳይደርስም ለስኳር በሽታ ሊጋለጥ ስለሚችል፣ ቀጭን መስሎ መታየቱ ምርመራውን ለማስቀረት በቂ ምክንያት አይደለም።